ገንዘብ ሳይሰደድ ይነገድበታል፦ ሰሞኑን ለሚዞረው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ ደብረ ማርቆስ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው የአገሮች ገንዘብ ከአገሩ ውጭ ስለሚሸጥበትና ስለሚገዛበት ገበያ ነው። ዶላር ለንደን ላይ፣ የቻይና ዩዋን ሆንግ ኮንግ ላይ፣ የሕንድ ሩፒ ሲንጋፖርና ዱባይ ላይ ለምን ይነገድበታል? ጥያቄው ጥሩ ነው። በአማርኛ ደፍሮ የሚያነሳው ሰው ጥቂት ስለሆነ ጸሐፊውን አመሰግናለሁ። መልሶቻቸው ላይ ግን አልስማማም።

ላላነበበ ሰው ፍሬ ነገሩን ላስቀምጥ። የአንድ አገር ገንዘብ ውጭ ሲነገድበት የአገር ሀብት ተሰደደ ማለት ነው ይላሉ። ገበያውን አሜሪካ ዓለምን ለመግዛት ሆን ብላ ፈጠረችው ይላሉ። ማሌዢያ በአዋጅ ዘግታው ዳነች፣ ሌላውም ይዝጋ ይላሉ። ዩዋን በቅርቡ ዶላርን ይተካል ይላሉ። ብር ግን ከአገር ውጭ ስለማይነገድበት የጎጃም ገበሬ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ነው ይላሉ። ሲጨርሱ ደግሞ ወጣቱ ስልኩ ላይ ፎሬክስ፣ የውጭ ምንዛሪ ንግድ ማለት ነው፣ እንዲነግድ ይመክራሉ። ይቺ የመጨረሻዋ ከቀደሙት ጋር እንዴት እንደምትታረቅ አልገባኝም።

የምጠቅሳቸው ዓመቶች የአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የእኛን ስጠቀም እናገራለሁ።

«ገንዘቡ ተሰደደ»

ከዚህ ልጀምር፤ የቀሩት ስህተቶች አብዛኞቹ የተወለዱት ከዚህ ነው። ጸሐፊው ዶላር ለንደን ገባ ሲባል በሻንጣ ተጭኖ የሄደ አስመስለውታል። በእርግጥ በሻንጣ የሚሄድም አለ። የመቶ ዶላር ኖት ከአሜሪካ ውጭ ሞልቷል። ትልቁ ገበያ ግን የኖት ገበያ አይደለም፤ የሂሳብ መዝገብ ገበያ ነው።

አንድ የለንደን ባንክ የዶላር ተቀማጭ ተቀበለ እንበል። ያ ባንክ ራሱ ኒው ዮርክ ባለ ባንክ ሂሳብ አለው። ደንበኛው ያስገባው ዶላር የሚያርፈው እዚያ ሂሳብ ላይ ነው። ነገ ደንበኛው ገንዘቡን ፓሪስ ላለ ነጋዴ ቢልክ፣ ኒው ዮርክ ላይ ከአንዱ ባንክ ሂሳብ ተቀንሶ በሌላው ላይ ይደመራል። ዶላሩ ከአሜሪካ ባንኮች መዝገብ ንቅንቅ አላለም። የተለወጠው የባለቤቱ ስም ነው። የለንደኑ ደንበኛ እጅ ያለው ነገር አንድ ቃል ብቻ ነው፦ ባንኬ ስጠይቀው ዶላር ይከፍለኛል የሚል።

ይህ ቃል ግን ይባዛል። የለንደኑ ባንክ ያንን ዶላር ያበድራል። ተበዳሪው የከፈለው ሰው ሌላ የለንደን ባንክ ያስቀምጠዋል። ያ ባንክም መልሶ ያበድራል። ኒው ዮርክ ላይ ያለው ያው አንድ ገንዘብ ነው፤ ለንደን ላይ ግን በላዩ ብዙ ቃል ተደራርቦበታል። ስለዚህ «እያንዳንዷን ዶላር የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ይቆጥራታል፣ ይቆጣጠራታል» ያሉትም አያስኬድም። ዛሬ ከአሜሪካ ውጭ ያሉ መንግሥታትና ድርጅቶች፣ ባንኮችን ሳንጨምር፣ ያለባቸው የዶላር ዕዳ 13 ትሪሊዮን ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ ብዙው የተሰጠው ከአሜሪካ ውጭ ባሉ ባንኮችና ገበያዎች ነው።

የመዝገቡን ጉልበት ማየት የሚፈልግ የሄርስታት ባንክን ታሪክ ይመልከት። ጁን 26 ቀን 1974 የጀርመን ባለ ሥልጣናት ኮሎኝ የሚገኘውን ይህን ባንክ ዘጉት። ባንኩ በዚያ ቀን ከሌሎች ባንኮች የጀርመን ማርክ ተረክቧል። በምትኩ የሚከፍለው ዶላር የሚያልፈው በኒው ዮርክ ነበር፤ እዚያ ደግሞ ገና ጠዋት ነው። ማርኩን የሰጡ ባንኮች ዶላራቸውን ሳያገኙ ቀሩ። ሁለቱ ገንዘቦች የሚኖሩት በየአገራቸው መዝገብ፣ በየአገራቸው ሰዓት ስለሆነ የመጣ ጣጣ ነው። ይህን ቀዳዳ ለመድፈን የተቋቋመው ሲኤልኤስ የሚባለው ድርጅት ሥራ የጀመረው በ2002 ነው። ሁለቱን ክፍያ እኩል ያረካክባል፤ አንዱ ካልከፈለ ሌላውም አይከፍልም።

ገንዘቡ ቢሰደድ ኖሮ ይህ ሁሉ ጭንቀት ባልኖረ ነበር።

«አሜሪካ ሆን ብላ ፈጠረችው»

እዚህ ላይ ታሪኩ ሊገለበጥ ምንም አልቀረው። በ1950ዎቹ ዶላራቸውን አሜሪካ ውስጥ ማስቀመጥ ከፈሩት ዋነኞቹ ሶቭየቶች ነበሩ። ቀዝቃዛው ጦርነት ነው፤ አንድ ቀን ሂሳባችን ይታገዳል ብለው ሰጉ። ስለዚህ ለንደን ባለው በሞስኮ ናሮድኒ ባንክና ፓሪስ ባለው የራሳቸው ባንክ በኩል ማስቀመጥ መረጡ። የካፒታሊስቶቹን ትልቅ ገበያ ካስጀመሩት ውስጥ ኮሚኒስቶቹ አሉበት ማለት ነው። ታሪክ አንዳንዴ ይቀልዳል።

ሌላው ምክንያት የወለድ ጣሪያ ነው። የአሜሪካ ደንብ ባንኮች ለተቀማጭ የሚከፍሉትን ወለድ ይገድብ ነበር። ለንደን ላይ ለዶላር እንዲህ ያለ ጣሪያ የለም። በ1955 ሚድላንድ የተባለው የእንግሊዝ ባንክ የተሻለ ወለድ እየከፈለ የዶላር ተቀማጭ መሰብሰብ ጀመረ። በ1957 ደግሞ የእንግሊዝ መንግሥት ፓውንዱ ሲናጋበት ባንኮቹ በፓውንድ የሌሎችን አገሮች ንግድ እንዳያበድሩ ገደበ። ባንኮቹ ሥራቸውን አልተዉም። በፓውንድ ያደርጉት የነበረውን በዶላር ማድረግ ቀጠሉ።

አሜሪካ ዶላር እንዳይወጣባት የሞከረችው ሙከራ ነገሩን አባሰው። በ1963 የኬኔዲ መንግሥት አሜሪካውያን በሚገዙት የውጭ ቦንድ ላይ ቀረጥ ለመጣል ሐሳብ አቀረበ። በዚያው ዓመት አውቶስትራዴ የተባለው የጣሊያን የመንገድ ድርጅት 15 ሚሊዮን ዶላር በቦንድ ተበደረ። ኒው ዮርክ አልሄደም፤ አውሮፓ ውስጥ ጨረሰው። ከዚያ በኋላ ይህ መንገድ አውራ ጎዳና ሆነ። በ1981 አሜሪካ እጅ ሰጥታ ባንኮቿ እዚያው አገር ውስጥ ሆነው ለውጭ ደንበኞች ከአንዳንድ ደንብ ነፃ የሆነ የተለየ መዝገብ እንዲይዙ ፈቀደች። የሸሸውን ሥራ ወደ ቤት ለመመለስ ነበር። ለንደን ግን አልለቀቀችም። በ2025 ኤፕሪል በተደረገው ቆጠራ በዓለም ላይ በቀን 9.6 ትሪሊዮን ዶላር የሚያህል ምንዛሪ ይገበያያል። ከዚህ 38 በመቶ ገደማው የሚፈጸመው እንግሊዝ ውስጥ ነው። ከመቶው ግብይት ሰማንያ ዘጠኙ ላይ ደግሞ በአንድ ወገን ዶላር አለ።

የእኔ መከራከሪያ እንግዲህ ይኸው ነው። የውጭው ገበያ የሚበቅለው ቤት ውስጥ ያለው ደንብ ሰው የፈለገውን ሲከለክለው ነው። ሴራ አያስፈልገውም።

ጉዳቱ የማን ነው?

ጸሐፊው ገንዘቡ ውጭ የሚነገድበት አገር ይደኸያል ይላሉ። ይህን ለመመርመር ለንደን መሄድ አያስፈልግም፤ ጎጃም በቂ ነው።

አያቶቻችን ጠገራ ብር ይሉት የነበረው የማሪያ ቴሬዛ ብር የኦስትሪያ ገንዘብ ነበር። ላዩ ላይ 1780 የሚል ዓመት አለ። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ የተቀረጸውም ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ወጣ። በ19ኛው መቶ ዘመን የጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ቡና፣ ዝባድ፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ የሚራገፍበት ነበር። እዚያ ጠገራ ብርና አሞሌ ጨው አብረው ይሠሩ ነበር። አሞሌው ከአፋር በረሃ እየራቀ በሄደ ቁጥር ለአንድ ጠገራ የሚሰጠው ቁጥር ያንሳል። ሻጩ ጠገራውን ሲቀበል የንግሥቲቱን ዘውድ ዕንቁና ደረቷ ላይ ያለውን ጌጥ እየቆጠረ ይመረምራል። ጌጡ ከደበዘዘ አልቀበልም ይላል።

ይህ ገንዘብ በ1858 ኦስትሪያ ውስጥ ሕጋዊ መገበያያነቱ ቀረ። አገሩ ላይ ሞተ፤ እኛ ጋ ግን ገና ጎልማሳ ነበር። ኦስትሪያም አልደኸየችም። ብሩን የሚያመጣላት ነጋዴ እያስቀረጸ ሲወስድ እሷ የቅርጻ ዋጋዋን ትቀበላለች። አፄ ምኒልክ በ1894 የራሳቸውን ብር ፓሪስ ውስጥ አስቀረጹ። ገበሬው ግን ለብዙ ዓመት ያቺን ሴት መረጠ። በ1935 ሙሶሊኒ ሊወረን ሲዘጋጅ የቅርጹን መሣሪያ ከኦስትሪያ ተቀበለ፤ የኢትዮጵያን ገበያ በምን ገንዘብ እንደሚገዛ ያውቅ ነበር። ብዙ ሳይቆይ እንግሊዞችም ለንደን ላይ መቅረጽ ጀመሩ።

ታዲያ የተጎዳው ማን ነው? ተጠቃሚው። የብሩ ብዛት የሚወሰነው ቪየና ነው፤ በኋላም ሮምና ለንደን። ከ1870ዎቹ ጀምሮ የብር ማዕድን ዋጋ በዓለም ገበያ ሲወድቅ ባሶ ላይ ጠገራ የቋጠረ ነጋዴ አቅሙ ወረደ። አንድም ስህተት አልሠራም፤ ዋጋው የሚቆረጠው እሱ በማያውቀው ከተማ ነበር።

ዛሬም በዶላር የሆነው ይኸው ነው። በ2008 የአውሮፓ ባንኮች በዶላር አበድረው ነበር፤ ዶላሩን ግን በየጊዜው ከገበያ እየተበደሩ ነበር የሚያገኙት። ገበያው ሲደርቅ ማተም የሚችለው የአሜሪካው ማዕከላዊ ባንክ ብቻ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ለሌሎች ማዕከላዊ ባንኮች የሰጠው ዶላር ከ580 ቢሊዮን በላይ ደረሰ። በ2020 ኮቪድ ሲመጣ እንዲሁ ለ14 ማዕከላዊ ባንኮች ዶላር የሚያገኙበት መስመር ከፈተ። ከአፍሪካ አንድም አልነበረም። ጸሐፊው መቆጣት ከፈለጉ እዚህ ላይ ቢቆጡ እኔም አብሬያቸው እቆጣለሁ።

ማሌዢያ

ይህ የጽሑፋቸው ጠንካራ ክፍል ነው፤ ስለዚህ በወጉ ልመልስ። በ1998 ሴፕቴምበር 1 ቀን ማሌዢያ በእርግጥ ገንዘቧን ሪንጊትን ከውጭ ገበያ አስወጣች። ሪንጊት በብዛት የሚነገድበት ሲንጋፖር ነበር። እዚያ ያሉ ባንኮች ለሪንጊት ተቀማጭ ከፍ ያለ ወለድ እየከፈሉ ገንዘቡን ይስቡት ነበር፤ የገንዘቡን መውደቅ ለሚጠብቁ ሰዎችም ያበድሩት ነበር። መንግሥት ውጭ ያለው ሪንጊት በአንድ ወር ውስጥ ካልተመለሰ ዋጋ የለውም አለ። በማግሥቱ ዶላርን በ3.80 ሪንጊት ቆረጠው። ያ ተመን እስከ 2005 ጸና። ኢኮኖሚውም አገገመ። እስከዚህ ጸሐፊው ትክክል ናቸው።

የዘለሉት ግን አለ። ማዕበሉ፣ የእስያ የገንዘብ ቀውስ ማለት ነው፣ የተነሣው በ1997 ነው። ማሌዢያ በሩን ስትዘጋ አብዛኛው ነፋስ አልፎ ነበር። ኮሪያ እንዲህ ያለ አጥር ሳታጥር በዚያው ሰሞን ተነሥታለች። አጥሩ ነው ያዳናት ወይስ ጊዜው? የኢኮኖሚ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እኔ ረድቷታል ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ቢያንስ ወለድ ለመቀነስ ፋታ ሰጥቷታል። ዳነችበት ማለት ግን ሌላ ነው። ማሌዢያ በዚያ ጊዜ ኤሌክትሮኒክስ፣ የዘንባባ ዘይትና ነዳጅ ለዓለም የምትሸጥ አገር ነበረች። ዶላር የሚያስገባላት ፋብሪካ ነበራት። እኛ አጥሩን ብንወስድ ፋብሪካውን ከየት እናመጣለን?

ታይላንድን ደግሞ ጭራሽ አላነሱም። ታይላንድ ቀድማ ሞክራዋለች። በ1997 ሜይ ባንኮቿ ለውጭ ሰዎች ገንዘቧን ባትን እንዳያበድሩ አገደች። ውጭ ያለው የባት ወለድ ሰማይ ነካ፤ ባት ተበድረው የሸጡት ሰዎች ክፉኛ ተመቱ። መንግሥት አሸነፍን አለ። ችግሩ ማዕከላዊ ባንኩ ያለውን ዶላር ኋላ ሊያስረክብ በገባው ውል አስቀድሞ ሸጦ ጨርሶት ነበር። ጁላይ 2 ቀን ባትን ለቀቀው። ለስድስት ሳምንት ያህል የቆየ ድል ነው።

ሦስተኛው ነገር፣ የተዘጋው ገበያ አልሞተም። መልኩን ለወጠ። ሪንጊቱን በእጅ መረካከብ ሲከለከል፣ ሰዎች ገንዘቡን ሳይረካከቡ መዋዋል ጀመሩ። በምህጻሩ ኤንዲኤፍ የሚሉት ይህን ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። እኔና እርስዎ ከሦስት ወር በኋላ ዶላር በስንት ሪንጊት እንደሚሆን ውል እንገባለን። ቀኑ ሲደርስ ሪንጊት አንለዋወጥም። በውላችን ዋጋና በዕለቱ ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ተሸናፊው በዶላር ይከፍላል። የማሌዢያ መንግሥት ይህን በምን ያግደው? ሪንጊት አልወጣም፤ ሪንጊት አልገባም። በ2016 መጨረሻ ማዕከላዊ ባንኩ የውጭ ባንኮች በዚህ ውል እንዳይሳተፉ በጽሑፍ ቃል እንዲገቡ እስከ መጠየቅ ደረሰ። ከ18 ዓመት በኋላ ማለት ነው። የሕንድ ሩፒ፣ የኮሪያ ዎን፣ የታይዋን ዶላርና የብራዚል ሪያልም በዚሁ መንገድ በሰፊው ይነገድባቸዋል።

ሕንድ የመረጠችው መንገድ ይማርከኛል። ሙምባይ ገበያ ሲዘጋ የሩፒ ዋጋ ለንደንና ሲንጋፖር ላይ መንቀሳቀሱን ይቀጥላል። ጠዋት ሙምባይ ስትነቃ የሌሎችን ዋጋ ተቀብላ ትጀምራለች። ማዕከላዊ ባንኳ ይህን ካጠና በኋላ ከ2020 ጁን ጀምሮ የሕንድ ባንኮች ራሳቸው ወደዚያ ገበያ ገብተው እንዲነግዱ ፈቀደ። ዋጋው ሊቆረጥ ካልቀረ እኛም ባለንበት ይቆረጥ እንደ ማለት ነው። ኮሪያም በ2024 ጁላይ የአገር ውስጥ ገበያዋን እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ክፍት አድርጋ የውጭ ተቋማት በቀጥታ እንዲገቡ ፈቀደች።

ዩዋን

እዚህ ላይ አልቆይም። ዩዋን ከ2010 ጀምሮ ሆንግ ኮንግ ላይ በሰፊው ይነገድበታል፤ በዓለም ግብይት ያለው ድርሻም አድጎ 8.5 በመቶ ደርሷል። ይህ ቀላል አይደለም። ቻይና ግን ዋናውን በር ከፍታ አይደለም፤ አገር ውስጥ አንድ ዩዋን፣ ሆንግ ኮንግ ላይ ሌላ ዩዋን ይዛ ነው። ሁለቱ ዋጋቸው ይለያያል። በ2016 ጃንዋሪ ሆንግ ኮንግ ላይ ዩዋን ይወድቃል ብለው የሚሸጡት ሲበዙ ገንዘቡ ከገበያው ጠፋ፤ ለአንድ ሌሊት ዩዋን ለመበደር ወለዱ በዓመት ስሌት 66 በመቶ አለፈ። ገንዘብህን አንድ ሌሊት እንዲህ ሊታነቅ በሚችል ቦታ ታስቀምጣለህ ወይ ተብሎ የተጠየቀ ባለ ሀብት ምን እንደሚመልስ ጸሐፊው ይገምቱ።

«ብር ውጭ አይነገድበትም»

ጽሑፉን ሳነብ እርሳስ ያነሣሁት እዚህ ላይ ነው።

አንደኛ፣ ብር ውጭ ይነገድበታል። ቶጎ ውጫሌን ተሻግሮ ሶማሌላንድ የገባ ሰው ብር ሲቆጠር ያያል። 

ሁለተኛውና ትልቁ ግን ድንበር የማይሻገረው ነው። ቢቸና ያሉ እናት ልጃቸው ሪያድ ናት እንበል። ልጅቷ ሪያሏን እዚያ ላለ ሰው ትሰጣለች። በማግሥቱ እዚህ አንድ ሰው ደውሎ ለእናቷ ብር ይቆጥርላቸዋል። ሪያሉ ሪያድ ቀረ። ብሩ ድሮም እዚህ የነበረ ብር ነው። ድንበር የተሻገረ አንዳች ነገር የለም። የብር ዋጋ ግን ሪያድ ላይ ተቆርጧል። ሪያሉን ደግሞ ከዱባይ ወይም ከቻይና ዕቃ የሚያመጣ ነጋዴ ይወስደዋል፤ ባንክ ወረፋ አላደረሰውማ። ይህ ከአገር ውጭ የሚደረግ የብር ግብይት ካልሆነ ምን ይባላል? ከሲንጋፖሩ ኤንዲኤፍ የሚለየው ሕጋዊ አለመሆኑና የሚፈጸመው በስልክ መሆኑ ነው። ልጅ አረብ አገር ያላት የጎጃም እናት የዚህ ገበያ ደንበኛ ናት፤ ማንም ነግሯት ባያውቅም።

ለምን ይህ ሆነ? የባንኩ ዋጋና የሰዉ ዋጋ ስለተራራቁ። እስከ ሐምሌ 2016፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ባንክ ዶላርን በ57 ብር ገደማ ይገዛ ነበር፤ ጥቁር ገበያው እጥፉን ይሰጥ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ በአንድ ቀን 74 ብር ደረሰ። ሳምንታት ሳይቆጠሩ ከመቶ አለፈ። ጸሐፊው ይህን የውጭ ገበያ ጥቃት ነው ሊሉት ይችላሉ። እኔ ግን ባንኩ ዘግይቶ የደረሰው ሰዉ ቀድሞ የነበረበት ዋጋ ላይ ነው እላለሁ።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ብሔራዊ ባንክ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ማዕከላዊ ባንክ ጋር የ3 ቢሊዮን ድርሃምና የ46 ቢሊዮን ብር የልውውጥ ስምምነት ተፈራርሞ ነበር። አካፍላችሁ እዩት፦ አንድ ድርሃም 15 ብር ከ33 ሳንቲም ይመጣል። ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.67 የታሰረ ስለሆነ፣ ዶላር በ56 ብር ሂሳብ ማለት ነው። ብር መንግሥት ለመንግሥትም ውጭ ወጥቷል እንግዲህ።

ሦስተኛ፣ ማዳበሪያ። እዚህ ዳሞትም ሆነ ጎዛምን ያለ ገበሬ ዩሪያ ይፈልጋል፣ ዳፕ ወይም ኤንፒኤስ ይፈልጋል። ማዳበሪያውን የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን በዓለም አቀፍ ጨረታ ይገዛል። ሻጩ ሞሮኮ ሊሆን ይችላል። ወደቡ ጅቡቲ ነው። ገዢው እኛ ነን። አንዳቸውም አሜሪካዊ አይደሉም፤ ሒሳቡ ግን በዶላር ነው። ኤልሲ፣ የባንክ የክፍያ ዋስትና ማለት ነው፣ ሲከፈት የውጭ ባንክ ዋስ ይሆናል፤ የዶላር ብድር ካለበት ወለድ ይቆጠርበታል። እስከ 2023 አጋማሽ የዚህ ዓይነት ብድር ወለድ መነሻ ብዙ ጊዜ ላይቦር ነበር፤ ለንደን ያሉ ባንኮች ጠዋት ጠዋት በሚሰጡት ግምት የሚወጣ ቁጥር። ዩኒየኑ በር ላይ ተሰልፎ ዋጋው ለምን ጨመረ ብሎ የሚጠይቀው ገበሬ መልሱን ከቀበሌ ሊቀ መንበሩ ላያገኘው ይችላል። ከፊሉ መልስ ያለው ዓለም አቀፉ የዩሪያ ዋጋ ላይ ነው፤ ከፊሉ ከዚህ ገበያ ላይ ነው፤ ከፊሉ ደግሞ ብሩ ላይ። ነፃ ነው የሚለው ቃል ከየት መጣ?

የቡሬ በርበሬ ሻጩም እንዲሁ ነው። በርበሬውን በብር ይሸጣል፤ የሚገዛው ቆርቆሮ፣ የሚሳፈርበት መኪና ናፍጣ፣ ለልጁ የሚገዛው መድኃኒት በዶላር የመጣ ነው።

ስልክ ላይ ያለው ፎሬክስ

ወደ መጨረሻዋ ምክር ደረስኩ። ጸሐፊው ለንደን ያሉትን ነጋዴዎች ቀማኛ ካሉ በኋላ የጎጃም ወጣት ስልኩን ከፍቶ እንዲቀላቀላቸው ይጋብዛሉ። ካሁን በኋላ ገበሬ ሆኖ መኖር የለም፣ ዶላር መሸጥ ነው ዓይነት ነገር።

ስልክ ላይ ያለው መተግበሪያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደዚያ የ9.6 ትሪሊዮን ገበያ አያስገባም። ወጣቱ ዩሮ አይገዛም፣ ዶላር አይሸጥም። ዋጋው ይወጣል ወይም ይወርዳል ብሎ ከደላላው ጋር ነው የሚዋዋለው። ብዙ ጊዜ እሱ ሲያጣ የሚያገኘው ደላላው ራሱ ነው። በዚያ ላይ መቶ ዶላር ይዞ የአሥር ሺህ ዶላር ውል እንዲገባ ብድር ይሰጠዋል፤ ዋጋው አንድ በመቶ ቢንቀሳቀስበት መቶው ያልቃል። የአውሮፓ ኅብረት የገበያ ተቆጣጣሪ በ2018 ደንቡን ሲያጠብቅ የጠቀሰው ጥናት ይህን ዓይነት ውል ከሚነግዱ ግለሰቦች ሂሳብ ከ74 እስከ 89 በመቶው ኪሳራ ላይ መሆኑን አሳይቷል። ያ እንግዲህ ተቆጣጣሪ ባለበት፣ መረብ በማይቋረጥበት፣ ደላላውን ከስሶ ማስከፈል በሚቻልበት አገር ነው።

እዚህ ከተማ ውስጥ ቴሌግራም ላይ «ሲግናል»፣ መቼ ግዛ መቼ ሽጥ የሚል ምክር፣ እየሸጠ የሚኖር ልጅ አውቃለሁ። ሰዓሊ የሚያስመስል የፈጠራ ችሎታ አለው። የሚሸጠው ግን ምክሩን እንጂ ዶላር አይደለም። የራሱን ሂሳብ አሳየኝ ስለው እስካሁን አላሳየኝም። ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ወጣቱን ወደዚያ ከመላካቸው በፊት ያንን ሂሳብ ቢያስመጡልን፣ እኔም የምመልሰው ሌላ ጽሑፍ ይኖረኛል።